ሀዋይ መሬቷን ያጣችው በወረቀት ነው

ጃንዋሪ 17 ቀን 1893 ሆኖሉሉ ላይ የሀዋይ ንጉሣዊ መንግሥት ሲገለበጥ በጥይት የቆሰለው አንድ ፖሊስ ብቻ ነበር። ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከአሜሪካ ጋር ውል የተፈራረመች፣ ሕገ መንግሥትና ፓርላማ የነበራት፣ ቤተ መንግሥቷ ከዋይት ሐውስ ቀድሞ በኤሌክትሪክ የበራ አገር በአንድ ከሰዓት በኋላ እንዴት ወደቀች? ብዙ ሰው መልሱን የሚፈልገው በዚያ ሳምንት ወደቡ ላይ ቆማ በነበረችው የአሜሪካ የጦር መርከብ ውስጥ ነው። መርከቧ ድርሻ አላት። ትልቁ መልስ ግን ያለው ከዚያ 45 ዓመት ቀደም ብሎ በተጻፈ የመሬት መዝገብ ላይ ነው። ከመሬቱ መዝገብ ውሃው፣ ከውሃው ስኳሩ፣ ከስኳሩ የምርጫው ሕግ፣ ከምርጫው ሕግ ዙፋኑ ተራ በተራ ወጡ። ነገሩን በቅደም ተከተል እንየው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከተራራ እስከ ባሕር

ሀዋይ ከካሊፎርኒያ ጠረፍ 3,800 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል የተቀመጠች የስምንት ዋና ዋና ደሴቶች አገር ናት። ነባር ሕዝቧ ከደቡብ ፓስፊክ በታንኳ ተሻግሮ የሰፈረ ፖሊኔዥያዊ ነው። መሬቱ የሚከፈለው ውሃው በሚወርድበት መንገድ ነበር። ከተራራው አናት ተነሥቶ ሸለቆውን ይዞ ወርዶ ባሕሩ ውስጥ እስካለው ዓሣ ማጥመጃ ድረስ እንደ ድፎ ዳቦ የተቆረሰ መሬት አሁፑዋአ ይባላል። ከላይ እንጨትና የመድኃኒት ቅጠል፣ ከመሐል ምግብ፣ ከታች ዓሣና ጨው። የላዩ ሰው ለታችኛው ጎደሬ ይሰጣል፣ የታችኛው ለላዩ ዓሣ ይልካል።

በአሁፑዋአው ላይ አሊኢ የሚባል መኳንንት ይሾማል። ከሥሩ ኮኖሂኪ የሚባል ምስለኔ ውሃውንና ሥራውን ይቆጣጠራል። ማካአይናና የሚባለው ሕዝብ ደግሞ ያርሳል፣ በዓይነትና በጉልበት ይገብራል። እኛ ከምናውቀው ሥርዓት ጉልት ይቀርበዋል፤ ርስት ግን አይደለም። አንድ ልዩነት አለው፦ ገበሬው ጌታው ካስመረረው ጓዙን ይዞ ወደ ሌላ አሁፑዋአ መሄድ ይችል ነበር። ጌታም ሰው ካልቀረው ጌታ አይባልምና ይህ መብት ቀላል አልነበረም። መሬት የሚሸጥም የሚገዛም አልነበረም።

የሕይወቱ መሠረት ካሎ ነው። ካሎ እኛ ጎደሬ የምንለው ተክል ነው። ደቡባችን ላይ በአብዛኛው ዝናብ ጠብቆ ይበቅላል፤ ሀዋያውያን ግን ዋናውን ካሎ የሚተክሉት ሎኢ በሚባል ውሃ በተኛበት እርከን ላይ ነው። ለተከላ የሚሆነው፣ ሁሊ የሚባለው፣ የተነቀለው ሥር አናት ትንሽ ሥጋ ይዞ ከነአገዳው ተቆርጦ ነው። እንደ ዝርያው ከ9 እስከ 15 ወር ይፈጃል። ጎደሬ የበላ ሰው እንደሚያውቀው ሳይበስል ከተቀመሰ ጉሮሮ ያሳክካል፤ ስለዚህ በደንብ ይበስላል፤ ከዚያ በገበታ ላይ በድንጋይ መውቀጫ እየተወቀጠ፣ ውሃ ጠብ እየተደረገበት ፖይ ይሆናል። የፖይ ውፍረት የሚለካው በጣት ነው። በአንድ ጣት ተጠቅልሎ የሚነሣው ወፍራሙ ነው፤ ሦስት ጣት የሚፈልገው ቀጭኑ።

አሁን ወደ ውሃው፤ የኋላው ጣጣ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነውና። ሎኢ ውስጥ ያለው ውሃ የቆመ ውሃ አይደለም። ከወንዙ አውዋይ በሚባል ቦይ ተጠልፎ ከላይኛው እርከን ወደ ታችኛው እየፈሰሰ ያልፍና መጨረሻ ላይ ወደ ወንዙ ይመለሳል። ለ0.4 ሄክታር ሎኢ በቀን ከ380,000 እስከ 1.1 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ማለፍ አለበት። ተክሉ ይህን ሁሉ አይጠጣውም፤ የሚፈልገው ቅዝቃዜውን ነው። የውሃው ሙቀት ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ ሥሩን የሚያበሰብስ በሽታ ይገባል። ስለዚህ የካሎ ገበሬ ውሃው ሙሉ በሙሉ ሲቆረጥበት ብቻ ሳይሆን ሲቀንስበትም ማሳው ይጠፋል። ውሃው ይቀንሳል፣ ፍሰቱ ይዘገያል፣ ፀሐይ ያሞቀዋል፣ ሥሩ ይበሰብሳል። በልማዱ ከወንዙ ከግማሽ በላይ አይጠለፍም ነበር፤ ድርሻውም የሚሰላው ቦዩን ለመቆፈር ባዋጡት ጉልበት ልክ ነው። በሀዋይኛ ውሃ ዋይ ነው፤ ሀብት ደግሞ ዋይዋይ።

ዕዳና በሽታ

ካፒቴን ጄምስ ኩክ ጃንዋሪ 1778 ካዋኢ ደሴት ላይ መልሕቅ ሲጥል ሕዝቡ 300,000 ያህል እንደነበር ብዙ ጊዜ ይገመታል፤ ከዚያ በእጅጉ የሚያበዙትም አሉ። በ1890 ቆጠራ ከባዕድ የተወለዱት ጭምር ተደምረው የቀሩት ሀዋያውያን 40,622 ነበሩ። ለብዙ መቶ ዓመታት ከዓለም ተለይቶ የኖረ ሕዝብ ኩፍኝን፣ ፈንጣጣን፣ ትክትክንና የአባላዘር በሽታን የሚቋቋምበት አቅም አልነበረውም። ዳግማዊ ካሜሃሜሃና ንግሥት ካማማሉ እንኳ በ1824 ለጉብኝት ለንደን ሄደው ሁለቱም በኩፍኝ እዚያው አረፉ። ከዚህ በኋላ ስለ መሬትና ስለ ሕግ የሚነገረው ሁሉ ሕዝቡ ቀብር ላይ ሳለ የተደረገ መሆኑን መርሳት አይገባም።

ዕዳው የመጣው ከሰንደል እንጨት ነው። ደሴቶቹን በጠመንጃና በመድፍ ታግዘው አንድ ያደረጉት ቀዳማዊ ካሜሃሜሃ በ1819 ሲሞቱ ንግዱ ከንጉሡ እጅ ወጥቶ ወደ አለቆች ተበተነ። አለቆቹም ሐር፣ ብርጭቆና መርከብ ሳይቀር በዱቤ ከነጋዴዎች እየወሰዱ የሚከፍሉት ገና ባልተቆረጠ ዛፍ ነበር። የአሜሪካ የጦር መርከቦች ዕዳውን ሊያስከፍሉ ሲመጡ በ1826 ሕግ ወጣ፦ እያንዳንዱ ወንድ 30 ኪሎ ገደማ ሰንደል ወይም አራት የስፔን ዶላር ያምጣ ተባለ። ጎደሬውን ጥሎ ጫካ የገባ ገበሬ ሲመለስ የሚጠብቀው ረሃብ ነው። ዛፉም ብዙ ሳይቆይ አለቀ። ዕዳው የአለቆች፣ ጉልበቱ የሕዝቡ መሆኑ በኋላም ይደጋገማል።

ታላቁ ክፍፍል

ፌብሩዋሪ 1843 ጆርጅ ፖሌት የሚባል የእንግሊዝ መርከብ አዛዥ በመድፍ አስፈራርቶ ደሴቶቹን ያዘ። አምስት ወር ቆይቶ ጁላይ 31 የበላዩ አድሚራል ቶማስ መጥቶ ለንጉሡ መለሰላቸው። በዓመቱ መጨረሻ እንግሊዝና ፈረንሳይ የሀዋይን ነፃነት በጽሑፍ አወቁ። ነገር ግን ፈረንሳይ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ታሂቲን በጥበቃዋ ሥር አስገብታ ስለነበር ሣልሳዊ ካሜሃሜሃ ወረቀቱን አምነው የሚተኙ ሰው አልነበሩም። አማካሪዎቻቸው (አብዛኞቹ ከሚሲዮን የወጡ ወይም ከአሜሪካ የመጡ ሕግ ዐዋቂዎች ነበሩ) አንድ ሐሳብ አቀረቡ፦ ወራሪ የመንግሥትን መሬት ይወርሳል፣ የግል ንብረት ግን ያከብራል። መሬቱ በስም ከተመዘገበ አገሪቱ ብትያዝ እንኳ የሀዋያውያን መሬት በሀዋያውያን እጅ ይቀራል።

ሐሳቡ የሞኝ አልነበረም። ክፉው ነገር ስሌቱ ልክ ሆኖ መገኘቱ ነው፤ በ1898 አሜሪካ ስትጠቀልል በእርግጥም የግል ይዞታን አከበረች። በዚያን ጊዜ ግን ከግል መሬቱ ብዙው ከሀዋያውያን እጅ ወጥቶ ነበር።

አፈጻጸሙ እንዲህ ነበር። በ1845 መጨረሻ የመሬት ይዞታ አጣሪ ቦርድ በሕግ ተቋቋመ። ከጃንዋሪ 27 እስከ ማርች 7 ቀን 1848 ንጉሡና 245 አለቆች አንድ በአንድ እየተቀመጡ ይህ አሁፑዋአ የእኔ፣ ያኛው የአንተ እየተባባሉ በአንድ መዝገብ ላይ ፈረሙ። ማሄሌ ማለት ክፍፍል ነው፤ ታሪኩም መዝገቡም በዚህ ስም ይጠራል። በማግሥቱ ንጉሡ የራሳቸውን ድርሻ ደግመው ለሁለት ከፈሉት። ወደ 398,000 ሄክታር የዘውድ መሬት አድርገው ለራሳቸው አስቀሩ፤ ወደ 605,000 ሄክታር ለመንግሥት ሰጡ። ለአለቆቹ የደረሳቸው 655,000 ገደማ ነው። በእነዚህ ይዞታዎች ሁሉ ላይ ግን አንድ ሐረግ ተጻፈ፦ የነዋሪው ሕዝብ መብት እንደተጠበቀ ሆኖ። ይህችን ሐረግ ያዟት፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ገበሬውስ? ገበሬው የሚያርሰውን ለማስመዝገብ ኩሌአና የሚባል ጥያቄ ማቅረብ ነበረበት። ቃሉ መብትም ኃላፊነትም ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የቁራሽ መሬቱም ስም ሆነ። በመጀመሪያ እስከ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1848 ድረስ በጽሑፍ ለቦርዱ ማመልከት አለ። ቀጥሎ ድንበሩን የሚያውቁ ጎረቤቶች ቀርበው ይመሰክራሉ። ከዚያ መሬቱ ይቀየሳል፤ የቀያሹን የሚከፍለው ገበሬው ነው። ይህ ሁሉ ካለፈ ቦርዱ ቁጥር ያለው ውሳኔ ይሰጠዋል። በመጨረሻም ከአገር ግዛት ሚኒስትሩ ቢሮ የንጉሡ ማኅተም ያለበት ሰነድ ይወጣለታል።

በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው። በየደረጃው የሚጥል ጉድጓድ ግን ነበረው። ቀነ ገደቡ ሲያልፍ ገጠር ያለው ብዙ ሰው ገና ወሬውን አልሰማም። የሰማውም አለቃው ላይ ክስ የመሠረተ መስሎት አፈረ፤ አንዳንዱን ምስለኔው ራሱ አስፈራርቶ አስቀረው። ገንዘብ እምብዛም በማይዘዋወርበት አገር ቀያሽ በገንዘብ መክፈል ግድ ሆነ፤ ቀያሾቹም ጥቂት ስለነበሩ ብዙዎቹ ቁራሾች በእጅ ተነድፈው ድንበራቸው እርስ በርሱ ሳይገጥም ቀረ። ሕጉ የሚያውቀው በወቅቱ የታረሰውንና የቤቱን ቦታ ብቻ ነው። ያደረ መሬት፣ ግጦሽ፣ ጫካ፣ ዳርቻ አይቆጠርም። በዚያ ላይ በ1848 እና በ1849 ኩፍኝ፣ ትክትክና ተቅማጥ ተከታትለው ገብተው ብዙ ሺህ ሰው ፈጁ። አመልካቹ ይሞታል፣ ወይም ምስክሩ ይሞታል፣ ፋይሉ ይዘጋል።

ከ14,000 በላይ ማመልከቻ ቀርቦ 8,400 ያህሉ ጸደቀ። የሁሉም ድምር 11,600 ሄክታር ነው። ከጠቅላላው የአገሪቱ መሬት አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም! የአንድ ሰው ድርሻ በአማካይ ከሄክታር ትንሽ ከፍ ያለ ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ቀኖችን አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ ይጠቅማል። የውጭ አገር ሰው መሬት እንዲገዛ የፈቀደው ሕግ የወጣው ጁላይ 10 ቀን 1850 ነው። የገበሬውን ይዞታ በሙሉ ባለቤትነት ያጸናው የኩሌአና ሕግ የወጣው ኦገስት 6 ቀን 1850 ነው። ባዕዱ ገዢ በ27 ቀን ቀድሟል።

የኩሌአና ሕግ አንቀጽ 7 ግን ለኋላ ዘመን የተረፈ ነገር አለው፤ ያቺ የነዋሪው ሕዝብ መብት የምትለው ሐረግ የተዘረዘረችው እዚህ ላይ ነው። መሬቱን ማንም ይያዘው፣ በዚያ አሁፑዋአ የሚኖር ሰው ማገዶ፣ የቤት እንጨት፣ የጣሪያ ሣርና ማሰሪያ ገመድ፣ ቲ የሚባለውን ቅጠል ለራሱ ፍጆታ መውሰድ ይችላል፤ የመጠጥ ውሃ፣ የሚፈስ ውሃና መተላለፊያ መንገድም አይከለከልም። ይህ አንቀጽ ዛሬም የሀዋይ ግዛት ሕግ ውስጥ አለ፤ ጠበቆችም ይጠቅሱታል።

ስኳሩ ውሃውን ሲጠጣ

የመጀመሪያው ትልቅ የሸንኮራ እርሻ በ1835 ኮሎዋ፣ ካዋኢ ላይ ቢጀመርም ስኳር አገር የሚገለብጥ ኃይል የሆነው ከ1876 በኋላ ነው። በዚያ ዓመት ሥራ ላይ የዋለው ውል የሀዋይ ስኳር ያለቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ፈቀደ። በ1875 ወደ 11,000 ቶን የነበረው ኤክስፖርት በ1890 ወደ 118,000 ቶን ደረሰ። ውሉ በ1887 ሲታደስ አሜሪካ በምላሹ ፐርል ሃርበርን ለባሕር ኃይሏ ብቻ እንድትጠቀምበት ተሰጣት።

አንድ ኪሎ ስኳር ለማምረት 4,000 ሊትር ገደማ ውሃ ይጠፋል። ዝናቡ ያለው በደሴቶቹ ነፋስ ገጥ በኩል፣ ፀሐዩና ሜዳው ያለው በሌላው በኩል ነው። ስለዚህ ኩባንያዎቹ ተራራ እየበሱ ውሃውን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው አሻገሩት። ማዊ በምትባለው ደሴት ላይ አሌግዛንደርና ባልድዊን የሚባሉ ባለእርሻዎች ከ1876 እስከ 1878 ያስቆፈሩት የሃማኩዋ ቦይ 27 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ከሎኢው ቦይ ጋር ያለው ልዩነት ግልጽ ነው። የድሮው አውዋይ ውሃውን ለወንዙ ይመልሳል፤ አዲሱ ቦይ ከሄደ አይመለስም።

የትንሹ ገበሬ ኩሌአና የወደቀው በዚህ መንገድ ነው። ሰነዱ በእጁ ነው፣ መሬቱን ማንም አልነጠቀውም። ግን ከላይ ወንዙ ተጠልፏል። ማሳው ይሞቃል፣ ካሎው ይበሰብሳል፣ እርከኑ ሣር ይወጣዋል። ውሃ የሌለው ሄክታር መሬት ዙሪያውን በሸንኮራ ተከቦ ለማን ይጠቅማል? ለከበበው ኩባንያ ያከራየዋል ወይም ይሸጠዋል፣ እሱ ወደ ሆኖሉሉ ወደብ ይወርዳል። ወረራ ሲባል ወታደር ብቻ የሚታየው ሰው ይህን አያየውም።

ሠራተኛውን በተመለከተ ባጭሩ፦ በ1850 የወጣው የጌታና የአገልጋይ ሕግ ውል ያፈረሰ ሠራተኛ እንዲታሰር ይፈቅድ ነበር። ቻይናውያን በ1852፣ የመጀመሪያዎቹ ጃፓናውያን በ1868፣ ፖርቱጋላውያን በ1878፣ ኮሪያውያን በ1903፣ ፊሊፒናውያን በ1906 ለሥራ ገቡ። ዛሬ የሀዋይ መለያ ተደርጋ የምትታየው ዩኩሌሌ በ1879 ከመጡ ፖርቱጋላውያን ትንሽ ጊታር የተወለደች ናት። በ1900 ከ154,000 ነዋሪ ሀዋያውያን ሩብ ያህል ብቻ ነበሩ።

ድምፅ በሀብት ሲለካ

በ1887 በአብዛኛው ከባዕዳን የተውጣጣ ማኅበር የታጠቀ ቡድን አሰልፎ ንጉሥ ካላካዋን አዲስ ሕገ መንግሥት አስፈረማቸው። ሕዝቡ የሳንጃ ሕገ መንግሥት ይለዋል። ንጉሡ ሥልጣናቸውን ካቢኔው ነጠቃቸው፤ የባሰው ግን የምርጫው አንቀጽ ነው። ለላይኛው ምክር ቤት ለመምረጥ 3,000 ዶላር የሚያወጣ ንብረት ወይም በዓመት 600 ዶላር ገቢ ይጠየቃል። የአውሮፓና የአሜሪካ ተወላጅ ዜግነት ሳይወስድ በነዋሪነቱ ይመርጣል፤ እስያዊ ግን ዜግነት ቢኖረውም አይመርጥም። ንብረቱ በማሄሌ ጊዜ ለማን እንደደረሰ ካየን፣ በ1887 ድምፁ ለማን እንደደረሰ ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

በ1890 የወጣው የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ ከየትም አገር የሚመጣ ስኳር ያለቀረጥ እንዲገባ፣ ለአገር ውስጥ አምራች ግን በፓውንድ ሁለት ሳንቲም ድጎማ እንዲሰጥ ወሰነ። የሀዋይ ባለእርሻዎች ብልጫቸውን በአንድ ጊዜ አጡ። አሜሪካ ውስጥ መግባት ከዚያ ወዲህ የሒሳብ ጉዳይም ሆነ።

ንግሥት ሊሊኡኦካላኒ ጃንዋሪ 14 ቀን 1893 የሳንጃውን ሕገ መንግሥት የሚተካ አዲስ ሊያውጁ ተነሡ። ጃንዋሪ 16 ቦስተን ከምትባለው መርከብ 162 የአሜሪካ ወታደሮች ወርደው ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ገደማ ሰፈሩ፤ በማግሥቱ 13 አባላት ያሉት ኮሚቴ ንጉሣዊው መንግሥት መሻሩን አነበበ። ንግሥቲቱ ሥልጣናቸውን የለቀቁት ለኮሚቴው አልነበረም። ለአሜሪካ የበላይ ኃይል እንደሆነ በጽሑፍ አስታውቀው፣ አሜሪካ ነገሩን አጣርታ እንድትመልሳቸው ጠየቁ። የሞኝነት ይመስላል፤ ግን በ1843 እንግሊዝ ያደረገችው ይህንኑ ነበር። ፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ አጣሪ ልከው ድርጊቱ ስሕተት መሆኑን ቢቀበሉም በሆኖሉሉ ሥልጣን የያዙት አንለቅም አሉ። በ1895 ንግሥቲቱ በራሳቸው ቤተ መንግሥት ፎቅ ላይ በአንድ ክፍል ውስጥ ለስምንት ወር ያህል ታሰሩ።

በ1897 የመጠቅለያ ውል ለአሜሪካ ሴኔት ሲቀርብ ሀዋያውያን ደሴት ለደሴት ዞረው 21,269 ፊርማ ሰበሰቡ። ውሉ የሚያስፈልገውን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ አጥቶ ቀረ። በቀጣዩ ዓመት ከስፔን ጋር ጦርነት ሲነሣ ግን ዋሽንግተን በውል ፈንታ የጋራ ውሳኔ አወጣች። ለዚህ ደግሞ በሁለቱ ምክር ቤቶች ተራ አብላጫ ይበቃል። ጁላይ 1898 ጸደቀ። በ1848 ለዘውድና ለመንግሥት ከተለየው መሬት ውስጥ በዚያን ጊዜ የቀረው 728,000 ሄክታር ያህል ያለክፍያ ወደ አሜሪካ ተዛወረ።

መዝገቡን የሚያነብ ሲጠፋ

ሚሲዮናውያን በ1820 ገብተው በ1822 የመጀመሪያውን ገጽ አተሙ፤ በ1826 ፊደሉን በ12 ሆሄያት አጸኑት። ሕዝቡ ንባብን በሚያስገርም ፍጥነት ተቀበለው። ከ1834 እስከ 1948 ድረስ መቶ ያህል የሀዋይኛ ጋዜጦች ታትመዋል፤ ተረት፣ ለቅሶ፣ ዘር ቆጠራ፣ የፖለቲካ ሙግት ሁሉ በእነሱ ላይ አለ። ይህ ለባዕድ ተጽዕኖ ታሪክ የማይመች እውነት ነው። ፊደሉ የመጣው ከውጭ ነው፤ ባለቤቶቹ ግን አዙረው የራሳቸው መሣሪያ አደረጉት። በ1897 የተፈረመው ወረቀትም የዚያ ፍሬ ነው።

ብዙ ጊዜ ቋንቋው በሕግ ታገደ ሲባል ይሰማል። በትክክል ሲነገር እንዲህ ነው፦ ከግልበጣው በኋላ የመጣው ሪፐብሊክ በ1896 ባወጣው ሕግ 57 በመንግሥትም በግልም ትምህርት ቤት የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን ደነገገ። በቤት አትናገሩ የሚል ቃል የለበትም። ግን በትምህርት ቤት ሀዋይኛ ያመለጠው ልጅ ይቀጣ ነበር፤ የተቀጣው ልጅ አድጎ ሲወልድ ልጁን አላስተማረም። የሁላ ጭፈራም ተመሳሳይ መንገድ አልፏል። በ1830 ንግሥት ካአሁማኑ በአደባባይ እንዳይጨፈር ከለከሉ፣ ካላካዋ በ1883 ዘውድ ሲጭኑ በአደባባይ መለሱት፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን የሆቴል ማስታወቂያ ሆነ። ሁላ ግን በመምህራኑ ቤት ተደብቆ ሊቆይ ችሏል። ቋንቋ ያለልጆች መቆየት አይችልም።

ሀዋይኛ ከእንግሊዝኛ ጋር የግዛቱ የሥራ ቋንቋ የሆነው በ1978 ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቋንቋውን የሚናገሩት ልጆች ከ50 እንደማይበልጡ ይገመት ነበር። በ1983 አሃ ፑናና ሌኦ የሚባል ድርጅት ተመሥርቶ በ1984 በሀዋይኛ ብቻ የሚያስተምር የመጀመሪያውን መዋዕለ ሕፃናት ካዋኢ ላይ ከፈተ። የ1896ቱ ክልከላ ከተነሣ በኋላ በ1987 የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተከተሉ።

ይህ ከመሬቱ ጋር ምን ያገናኘዋል? በቀጥታ ያገናኘዋል። የኩሌአና ቁራሽ ዛሬም በፍርድ ቤት ይጠፋል። በ1850 ለአንድ ሰው የተሰጠው መሬት ኑዛዜ ሳይኖር ሲወርድ ሲዋረድ አሁን የመቶ ወራሾች ያልተከፋፈለ የጋራ ይዞታ ሆኗል። አንድ ገዢ ከአንዱ ወራሽ ትንሽ ድርሻ ይገዛና ባለቤትነቱ እንዲጣራለት ይከሳል። የታወቁት ወራሾች መጥሪያ ይደርሳቸዋል፣ ያልታወቁት በጋዜጣ ይጠራሉ፤ ያልቀረበ ሰው መብቱን ያጣል። ከዚያ ክፍፍል ይጠየቃል፤ ቁራሹ ለመቶ ሰው ስለማይከፈል በጨረታ ይሸጣል፤ ጨረታውን የሚያሸንፈው ገንዘብ ያለው ነው። በ2016 መጨረሻ የፌስቡክ መሥራች ማርክ ዙከርበርግ በካዋኢ ይዞታው ውስጥ ባሉ እንዲህ ዓይነት ቁራሾች ላይ ያስነሣው ክስ ቁጣ ቀስቅሶ በሚቀጥለው ወር ትቶታል። የ1978ቱ ሕገ መንግሥት ረጅም ጊዜ ይዤዋለሁ በሚል ብቻ መሬት መውሰድን ለሁለት ሄክታርና ከዚያ በታች፣ ለዚያውም ለቅን ልቦና ያዥ ወስኖታል። ከ2017 ወዲህ ደግሞ ሌሎቹ ወራሾች ከጨረታው በፊት በግምት ዋጋ የመግዛት ቅድሚያ አላቸው።

ወራሽ መሆንን ማስረዳት ግን የራሱ ጣጣ አለው። በማሄሌ ጊዜ ሀዋያዊ አንድ ስም ብቻ ነበረው፤ የአባት ስም እንዲያዝ በሕግ የታዘዘው በ1860 ነው። ስለዚህ ከቦርዱ ውሳኔ ቁጥር ተነሥቶ የቅድመ አያትን ስም ከልደት፣ ከጋብቻና ከሞት መዝገብ፣ ከጋዜጣ የለቅሶ ጽሑፍ እያገጣጠሙ መውረድ ያስፈልጋል። የገበሬዎቹ ማመልከቻና የጎረቤቶቻቸው ምስክርነት የተመዘገበው ደግሞ በአብዛኛው በሀዋይኛ ነው፦ ድንበሩ በዚህ ጎን የእገሌ ሎኢ፣ በዚያ ጎን ቦዩ፣ ወደ ተራራው ዳገቱ እያለ። ቅድመ አያቱ ራሱ ያጻፈውን ይህን ገጽ የልጅ ልጁ ማንበብ አልቻለም፤ የ1896ቱ ሕግ በመካከል አልፏልና። አሁን መዝገቡን ለጠበቆችና ለወራሾች ከሚያነቡላቸው መካከል በሀዋይኛ ትምህርት ቤት ያለፉ ወጣቶች አሉበት።

የውሃው ነገርም በዚሁ ዓይነት ሙግት ተንቀሳቅሷል። በ1973 የሀዋይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1848 የተሰጠ የመሬት ባለቤትነት የወንዝ ውሃ ባለቤትነትን እንደማያካትት ወሰነ። ማዊ ላይ የመጨረሻው የስኳር ፋብሪካ በ2016 ተዘጋ፤ በ2018 የግዛቱ የውሃ ኮሚሽን በምሥራቅ ማዊ ካሎ የሚለማባቸው ወንዞች ሙሉ ፍሰታቸው እንዲመለስ አዘዘ። ለካሎ ገበሬ ዋናው ነገር ዛሬም ያው የውሃው ሙቀት ነው፤ የሚፈልገው ቁጥር ከ25 በታች ነው።